ትልቅ ዳታን ከፋፍሎ ማስቀመጥና መጫን

ዛሬ የምንማማረው ብዙዎቻችንን በፕሮጀክት ሥራ ላይ ስለሚገጥመን ችግር ነው።

8 ሴንሰሮች በየሰከንዱ የሚልኩትን ልኬት የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። አንዱ ልኬት 12 ባይት ነው፤ በቀን 691,200 ልኬት፣ ማለትም 8.3 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። በ60 ቀን ፋይሉ ወደ 500 ሜጋ ባይት ደረሰ። ፕሮግራሙ ግን በየጊዜው ሙሉውን ፋይል እንደ አዲስ ይጽፍ ነበር። አንድ ምሽት እየጻፈ ሳለ መብራት ጠፋ። ፋይል እንደ አዲስ ሊጻፍበት ሲከፈት የነበረው ይዘት አስቀድሞ ይሰረዛል፤ ስለዚህ አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱም ግማሽ ላይ ቀርቷል። የሁለት ወር ልኬት በዚያው ሄደ። መፍትሔው የሚከተለው ነው፦

1. ዳታውን እንደ አጠቃቀሙ ክፈሉት። ለኸትም የሚታደለው ቁርኣን 30ው ጁዝ ለየብቻ የተጠረዘ ነው፤ አንባቢው የደረሰውን ብቻ ያነሳል። የእኔ ልኬት በሰዓት ቢከፈል አንዱ ክፍል 346 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። ያለፉት ሰዓታት ስለማይለወጡ የሚጻፈው የአሁኑ ሰዓት ክፍል ብቻ ይሆናል። ከመጠን በላይ ግን አታሳንሱት፤ ብዙ ፋይል መክፈትና መዝጋትም ጊዜ ይፈጃል።

2. በነባሩ ፋይል ላይ አትጻፉ። መጀመሪያ በጊዜያዊ ፋይል ጻፉ፤ በኤፍሲንክ ትእዛዝ ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ስሙን በነባሩ ስም ተኩት። በሊኑክስ በአንድ ዲስክ ክፍልፋይ ውስጥ ስም መተካት ወይ ሙሉ በሙሉ ይሆናል፣ ወይ አይሆንም።

3. በየክፍሉ መጨረሻ ሲአርሲ የሚባለውን የማረጋገጫ ቁጥር ጨምሩ። የፒኤንጂ ምስል ፋይልም እንዲሁ ነው የተሠራው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ባለ 4 ባይት ሲአርሲ አለው። አንድ ክፍል ቢበላሽ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

4. ስትጭኑ ከትንሽ ማውጫ ጀምሩ። ማውጫው የየክፍሉን ስምና ጊዜ ይያዝ። ተጠቃሚው የጠየቀውን ክፍል ብቻ አምጡ፤ ሚሞሪ ሲሞላ ብዙ ጊዜ ያልተነካውን አውጡ።

ዳታችሁ ብዙ ፍለጋና ማስተካከል ካለበት ይህን ሁሉ ራሳችሁ አትሥሩ፤ ኤስኪውላይትን ተጠቀሙ። እሱም ፋይሉን በገጽ ይከፍላል፤ የተለመደው የገጽ መጠን 4,096 ባይት ነው።

በመጨረሻ፣ ፕሮግራማችሁ እየጻፈ ሳለ ሆን ብላችሁ አቋርጡትና መልሳችሁ ክፈቱት። መብራት ሳይፈትናችሁ እናንተ ፈትኑት።