ከብርሃን የፈጠነችው መንኮራኩር፦ አንድ የቆየ ተከታታይ ፊልም ለሁለት መምህራን ያስታወሳቸው ትምህርት

በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ ከተመሠረቱ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሞች መካከል «ስታር ትሬክ» ስመ ጥር ነው። በጂን ሮደንቤሪ የተፈጠረው ይህ ተከታታይ በአሜሪካ መታየት የጀመረው በ1966 ሲሆን፣ በ1969 እስኪቋረጥ ድረስ 79 ክፍሎች ቀርበውበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

እኛ ባልና ሚስት ይህን ተከታታይ በተማሪነታችን ዘመን፣ ገና ሳንተዋወቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩ የቪዲዮ ካሴቶች ቆራርጠን አይተነው ነበር። በቅርቡ ሙሉው በዲስክ እጃችን ስለገባ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረን አብረን ልናየው ተስማማን። ከሁለታችን ባል ፊዚክስ፣ ሚስት ሥነ ሕይወት እናስተምራለን። አንድ ደንብም አወጣን፦ ጥያቄ የመጣበት ሰው ፊልሙን ያስቆማል፤ ጥያቄው በወረቀት ላይ ሳይሰላ ፊልሙ አይቀጥልም። በዚህ ደንብ ምክንያት አንድ ሰዓት የማይሞላው ክፍል ሁለት ምሽት ይፈጅብን ጀመር።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን ግን የቆየ ዕዳ ነው። ከዓመታት በፊት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መንኮራኩሯ ባለችበት ሆና ቦታው ራሱ ቢንቀሳቀስስ፣ ከብርሃን መቅደም አይቻልም?» ሲል ጠይቆ ነበር። ያገኘው መልስ «እሱ ፊልም ነው፤ ወደ ትምህርታችን እንመለስ» የሚል ነበር። ክፍሉ ሳቀ፣ ተማሪውም ተቀመጠ። እስከ ሴሚስተሩ ፍጻሜ ሌላ ጥያቄ አላነሣም።

1. የፍጥነት ነገር

በፊልሙ ውስጥ «ኢንተርፕራይዝ» የተባለችው መንኮራኩር ፍጥነት የሚለካው «ዋርፕ» በሚባል መለኪያ ነው። ከሁለታችን የፊዚክሱ መምህር «ዋርፕ 6 ማለት የብርሃን 6 እጥፍ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት ተናገረ። ስሕተት ነበር። የተከታታዩ አዘጋጆች በተጠቀሙበት ስሌት መሠረት ፍጥነቱ የሚገኘው የዋርፑን ቁጥር ሦስት ጊዜ በራሱ በማባዛት ነው። ስለዚህ ዋርፕ 6 የብርሃን ፍጥነት 216 እጥፍ ይሆናል።

ይህን ይዘን ብናሰላ፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንቶሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ስለሚርቅ፣ ኢንተርፕራይዝ በ7 ቀን ገደማ ትደርስበታለች። በ1977 የመጠቀችው ቮያጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። በዚህ ፍጥነት ያንኑ ርቀት ለመሸፈን 75,000 ዓመት ያህል ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ይበልጥ ያስገረመን ሌላው ስሌት ነው። መንኮራኩሯ የተሰጣት ተልእኮ የ5 ዓመት ነው። አምስቱን ዓመት ያለ ዕረፍት በዋርፕ 6 ብትበር የምትሸፍነው 1,080 የብርሃን ዓመት ነው። የጋላክሲያችን ስፋት ግን 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይሆናል። ብርሃንን 216 ጊዜ የምትቀድመው መንኮራኩር እንኳ ከጋላክሲያችን ስፋት ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ትሻገራለች ማለት ነው።

ለመሆኑ ብርሃንን መቅደም ይቻላልን? በ1905 የታወቀው የአንስታይን ልዩ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ፣ መጠነ ቁስ ያለው ማንኛውም አካል በቦታ ውስጥ ሲጓዝ የብርሃንን ፍጥነት ሊደርስበት እንደማይችል ያስረዳል። እዚህ ላይ «በቦታ ውስጥ» የሚለውን ሐረግ ልብ ማለት ያሻል። ሕጉ የሚከለክለው በቦታ ውስጥ የሚደረግን ጉዞ እንጂ የቦታን የራሱን መስፋፋት አይደለም። እጅግ ሩቅ የሆኑ ጋላክሲዎች ከብርሃን በበለጠ ፍጥነት ከእኛ የሚርቁት በመካከላችን ያለው ቦታ ስለሚሰፋ ነው። በ1994 ሚጌል አልኩቢየሬ የተባለ ሜክሲኳዊ የፊዚክስ ሊቅ ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ በሒሳብ አሳየ፦ ከመንኮራኩሯ ፊት ያለው ቦታ ቢኮማተር፣ ከኋላዋ ያለው ደግሞ ቢለጠጥ፣ መንኮራኩሯ በዙሪያዋ ካለው ቦታ አንጻር ሳትንቀሳቀስ ሩቅ ልትደርስ ትችላለች። ችግሩ፣ ይህን ለማድረግ አሉታዊ ኢነርጂ በብዛት የሚያስፈልግ መሆኑ ነው፤ ይህን በሚፈለገው መጠን የሚያስገኝ ዘዴ አይታወቅም።

እንግዲህ ያ ተማሪ የጠየቀው ጥያቄ በሳይንስ መጽሔት ታትሞ ከወጣ የምርምር ሐሳብ ጋር የሚዛመድ ነበር። የሳቅ ጉዳይ አልነበረም።

2. ሰውን በጨረር ማጓጓዝ

የፊልሙ ጀግኖች ከመንኮራኩር ወደ ፕላኔት የሚወርዱት በአንድ መሣሪያ ላይ ቆመው በመሰወር ነው። የዚህ መሣሪያ ምንጭ የገንዘብ ችግር ነበር፤ መንኮራኩር በየሳምንቱ ፕላኔት ላይ ስታርፍ ማሳየት ብዙ ወጪ ይጠይቅ ነበርና።

ሆኖም መሣሪያው ጥሩ የስሌት ጥያቄ ይሆናል። የአንድ 70 ኪሎ ግራም ሰው መጠነ ቁስ በሙሉ ወደ ኢነርጂ ቢለወጥ 6.3 × 10¹⁸ ጁል ይወጣዋል። ይህም በ1945 ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው ቦምብ 100,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሰውየውን ሳናፈነዳ የአቶሞቹን ዝርዝር ብቻ እንላክ ብንልስ? በሰውነቱ ውስጥ 7 × 10²⁷ ያህል አቶሞች አሉ። በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን አቶም የሚመዘግብ መሣሪያ ቢኖረን ምዝገባው 220 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። በዚህ ላይ ሃይዘንበርግ በ1927 እንዳሳየው፣ የአንድን ቅንጣት ሥፍራና ግስበት በአንድ ጊዜ ያለ ገደብ አጥርቶ ማወቅ አይቻልም።

በ1997 ተመራማሪዎች የአንድን ፎቶን ኳንተማዊ ሁኔታ ወደ ሌላ ፎቶን ማስተላለፍ ችለዋል። የተላለፈው ግን ሁኔታው እንጂ ቁሱ አይደለም፤ ሂደቱም ከብርሃን የማይፈጥን ተራ መልእክት ይፈልጋል።

3. የስፖክ ደምና የበቅሎዋ ነገር

የፊዚክሱ መምህር መንኮራኩሯ በጠፈር ባዶነት ውስጥ «ሹው» እያለች ስታልፍ ድምፅ በባዶ ቦታ እንደማይተላለፍ እያስረዳ ሳለ፣ የሥነ ሕይወቷ መምህርት «እስቲ አቁመው! ስፖክስ?» አለች። የመንኮራኩሯ መኮንን ስፖክ እናቱ የምድር ሴት፣ አባቱ ደግሞ ቩልካን ከተባለች ፕላኔት የመጣ ነው። የፊዚክሱ መምህር ፊልሙን ስንት ጊዜ ሲያይ ይህ ነገር አንድም ቀን አሳስቦት አያውቅም ነበር።

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶሞች ሲኖሯቸው በቅሎ 63 ይኖሯታል። በዚህ አለመጣጣም ሳቢያ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በስተቀር፣ በቅሎ አትወልድም። ፈረስና አህያ የጋራ ቅድመ አያት ያላቸው የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ ችግሩ ይህን ያህል ነው። ሰውና የቩልካን ተወላጅ ግን ሕይወታቸው በተለያየ ፕላኔት በየራሱ የጀመረ ነው። በዝርያ ሐረግ ካየነው፣ ከጓሯችን ያለው እንሰት ከቩልካን ሰው ይልቅ ለእኛ ዘመድ ነው።

የስፖክ ደም አረንጓዴ የሆነው መዳብ ስላለበት ነው ይባላል። መዳብ ኦክስጅንን መሸከሙ እውነት ነው፤ የኦክቶፐስ ደም ሄሞሲያኒን የተባለ መዳብ ያለበት ፕሮቲን ይዟል። ኦክስጅን ሲይዝ ግን የሚሰጠው ቀለም ሰማያዊ ነው። በአንዳንድ የባሕር ትሎች ላይ የሚታየው አረንጓዴ ደም ደግሞ እንደ እኛው ደም ብረት ያለበት ነው።

ማጠቃለያ

ከእነዚህ ምሽቶች ያገኘነው ትምህርት ፊልሙ ስንት ስሕተት እንዳለው መቁጠር አይደለም። እያንዳንዳችን በራሳችን ሙያ ያለውን ስሕተት ወዲያው እናያለን፤ በጓደኛችን ሙያ ያለውን ግን ሳናየው እናልፋለን። ስለዚህ አንባብያን እንዲህ ያለ ፊልም ስታዩ ከእናንተ የተለየ ትምህርት ከሚከታተል ሰው ጋር ብታዩት መልካም ነው። ለእያንዳንዱ ትዕይንትም ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦ የትኛውን የተፈጥሮ ሕግ ይጥሳል? ሕጉ በትክክል የሚለው ምንድን ነው? ነገሩ እውን እንዲሆን ምን ያስፈልግ ነበር?

ለመምህራንም አንድ ቃል አለን። «ፊልም ነው» የሚለው መልስ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ጠያቂውን ዝም ያሰኛል። ያ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። ይህ ጽሑፍ ከእጁ ቢገባ፣ የዘገየ መልሱ እነሆ።

መልመጃ
1. ኢንተርፕራይዝ በዋርፕ 8 ብትጓዝ የብርሃንን ፍጥነት ስንት እጥፍ ትበልጣለች? በ5 ዓመትስ ስንት የብርሃን ዓመት ትሸፍናለች?
2. ሰውን ወደ ኢነርጂ የሚለውጠው ስሌት ለ1 ግራም ጨው ቢሠራ ውጤቱ ስንት ጁል ይሆናል?
3. የበቅሎ ክሮሞሶሞች ቁጥር 63 መሆኑ የመራቢያ ሕዋሳት በሚፈጠሩበት ጊዜ ለምን ችግር ያስከትላል?