የቆላ ድንቢጦች



ድንቢጥ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው በጳውሎስና በአካባቢው በየጣሪያው ሥር ጎጆዋን የምትሠራውን፣ እህል ከተሰጣበት የማትጠፋውን ወፍ ነው። ዛሬ የምናጠናው ግን በደረቅ ቆላ ስለሚኖሩት ዘመዶቿ ነው።

1ኛ/ ማንነታቸው

ሊቃውንት ይህን ወገን ጂምኖሪስ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «ራቁት አፍንጫ» እንደ ማለት ነው። ከአራቱ ዓይነቶች ሁለቱ በአገራችን ይገኛሉ። አንደኛዋን ጀርመናዊው ሆይግሊን በ1862 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ስም ሰይሟታል፤ በአዋሽ ፓርክ በግራሮች መካከል ትታያለች። ሁለተኛዋ የምዕራብና የሰሜን ምዕራብ ቆላ ነዋሪ ናት። መልካቸው ደብዛዛ ቡናማ በመሆኑ ዓይን አይስብም። ቀርቦ ላስተዋለ ግን ጉሮሯቸው ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ አለች።

2ኛ/ አኗኗራቸው

ዘርና ነፍሳት ለቅመው ይኖራሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ግንድ መቦርቦር ግን አይችሉም። ስለዚህ ግንደ ቆርቁር ሠርቶ በተወው ቤት ወይም በአሮጌ ዛፍ ቀዳዳ ይገባሉ።

3ኛ/ አንድ ምሳሌ

ሕንዳዊው ሳሊም አሊ በልጅነቱ ከዚሁ ወገን አንዷን በአየር ጠመንጃ መትቶ ጣለ። ጉሮሮዋ ቢጫ መሆኑን ቢያይ ምንነቷን ለማወቅ ጓጓ፤ በአጎቱ አማካይነት ወደ ቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሄዶ ጠየቀ። ያ ጥያቄ ታላቅ የአዕዋፍ ሊቅ አደረገው። በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩንም «የድንቢጥ መውደቅ» ብሎ ሰየመው። ስሙ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ ድንቢጦች የተነገረውን ያስታውሰናል።

4ኛ/ ለእኛስ ምናችን ናቸው?

በከተማችን ቡና የሚፈላበት፣ ወጥ የሚሠራበት ከሰል ከፊሉ ከቆላ ግራር የተገኘ ነው። በአብያታ ሻላ ፓርክ እንኳ ግራሩ ለከሰል ተጨፍጭፏል። አሮጌ ግራር ሲወድቅ ሽንቁሩም አብሮ ይጠፋል። በምትኩ ችግኝ ብንተክል እሰየው ነው፤ ነገር ግን ችግኝ ሽንቁር የለውም፤ ሽንቁር እስኪኖረው ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ከመትከል በፊት ያለውን መጠበቅ ይቀድማል። እናቶቻችንን ከሰል አትግዙ ማለት አንችልም፤ ግን ላቀች የተባለውን ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ልናስለምዳቸው እንችላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ/ ችግኝ መትከል ብቻውን ለእነዚህ ወፎች ለምን አይበቃም?
ለ/ ቤታችን በሳምንት ስንት ከሰል ይፈጃል? በምን እንቀንሰው?