ኮምፒዩተርን በቀጠሮ ስለ ማሠራት

ሰው የሚረሳ ፍጡር ነው፤ በፈተና ሰሞን ደግሞ ከወትሮው የባሰ ይረሳል። የመመረቂያ ጽሑፋችንን በየማታው በሌላ ዲስክ ላይ እንገለብጣለን ብለን ወስነን በሦስተኛው ቀን የተውነው ስንቶቻችን ነን? ኮምፒዩተር ግን የታዘዘውን አይረሳም። ስለዚህ በየቀኑ የሚደጋገመውን ሥራ ለእርሱ በቀጠሮ መስጠት ይቻላል፤ የዚህም ጽሑፍ ዓላማ መንገዱን ለጓደኞቻችን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ፥ ስክሪፕት ማለት በእጃችን አንድ በአንድ የምንሰጣቸው ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ፋይል ነው። ቀጠሮውን የሚጠብቀው ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ነው። ይህም በዩኒክስና በሊኑክስ ክሮን ይባላል፤ ስሙ ጊዜ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ክሮን እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ነበረ፤ በ1987 ፖል ቪክሲ የጻፈው ዓይነትም በብዙ ቦታ ተሠራጭቷል። በዊንዶውስ ይህንኑ ተግባር የሚፈጽመው ታስክ ስኬጁለር፥ በማክ ላውንችዲ ነው።

የክሮን አሠራር ቀላል ነው። በየደቂቃው ይነቃና ክሮንታብ የሚባለውን ሰንጠረዥ ይመለከታል፤ ሰዓቱ የደረሰ ሥራ ካለ ያስነሣዋል፤ ከሌለ ተመልሶ ይተኛል። የሰንጠረዡ መስመር በአምስት ቦታዎች ይጀምራል፤ እነርሱም በተራ ደቂቃ (0-59)፥ ሰዓት (0-23)፥ የወሩ ቀን (1-31)፥ ወር (1-12) እና የሳምንቱ ቀን (0 እሑድ፥ 6 ቅዳሜ) ናቸው። የኮከብ ምልክት «ሁሉም» ማለት ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ የስክሪፕቱ ሙሉ አድራሻ ይጻፋል። ለምሳሌ፤

0 22 * * 1-5

የሚለው ከሰኞ እስከ ዓርብ፥ በ22 ሰዓት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የደረሰብንን ስሕተት ሳንደብቅ እንናገር። ከመካከላችን አንዱ ቅጂው በየቀኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት እንዲወሰድ ፈልጎ በሰዓቱ ቦታ 4 ብሎ ጻፈ። ኮምፒዩተሩ ግን ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ስለ ሆነ፥ 4 ለእርሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት ባለቤቱ ተኝቶ፥ ኮምፒዩተሩም ጠፍቶ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቅጂ አልተወሰደም፤ ይህንንም ያወቅነው ዲስኩ በተበላሸ ዕለት ነው። ሁለት ምዕራፎች እንደ ገና ተጻፉ።

ስለዚህ ሒሳቡን እንያዝ። በቀን ሰዓት ላይ 6 ይጨመራል፤ ከማታው 1 እስከ 5 ባለው ላይ 18 ይጨመራል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት 0 ነው፤ ከሌሊቱ 7 እስከ 12 ካለው ላይ 6 ይቀነሳል። እንግዲህ ከምሽቱ 4 ሰዓት 22 ይሆናል። ወርና ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በቀኑም በወሩም ቦታ 1 ብንጽፍ ቀጠሮው ዕንቁጣጣሽ ሳይሆን ጃንዋሪ 1 ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ መብራት ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ቀጠሮው ቢያልፍ፥ ተራው ክሮን ያመለጠውን አይክስም። ለዚህ ሲባል አናክሮን የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ሳይሠራ የቀረውን ዕለታዊ ሥራ ፈልጎ ይፈጽማል። በታስክ ስኬጁለርም ያመለጠው ሥራ በተቻለ ፍጥነት እንዲሠራ የሚያዝ ምርጫ አለና እርሱን ምልክት ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛ፥ በእጅ ሲያስነሡት በትክክል የሚሠራ ስክሪፕት በክሮን ሲነሣ ሊከሽፍ ይችላል። ክሮን ፕሮግራሞችን የሚፈልገው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ስለሆነም በስክሪፕቱ ውስጥ የፕሮግራሞቹንም የፋይሎቹንም ሙሉ አድራሻ መጻፍ ይሻላል። ውጤቱም ከነቀኑና ከነሰዓቱ በአንድ መዝገብ ፋይል ላይ እንዲሰፍር እናድርግ። ዝም ያለ ኮምፒዩተር ሥራውን የፈጸመ ይመስላልና።

በመጨረሻም ጓደኞቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ቀጠሮውን ከያዛችሁ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን መዝገቡን አንብቡ፤ ቅጂውንም ከፍታችሁ ምዕራፎቹ መኖራቸውን በዓይናችሁ ተመልከቱ። ኮምፒዩተሩ ማስታወሱን ይረከበናል፤ መቆጣጠሩ ግን የእኛው ፋንታ ነው።