አረንጓዴ አተር በከሙን፦ ጨውና ዘይት ቀንሶ ማብሰል

ይህ መረጃ ለማን ነው?
በኦስሎ ለሚኖሩ፣ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ላለባቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። "ስኳር አለብዎት" የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው "እንጀራ ልተው ወይ?" ብሎ ነው። መተው አያስፈልግም። መስተካከል ያለበት የእንጀራው መጠንና አብሮት የሚቀርበው ምግብ ነው። የሚከተለው ምግብ በሰሜን ሕንድና በፓኪስታን የተለመደ ሲሆን ቅመሞቹ ለእኛም እንግዳ አይደሉም። ለጾምም ይሆናል።

ለምን አተር?
100 ግራም አረንጓዴ አተር ወደ 5 ግራም ፕሮቲንና ወደ 5 ግራም አሰር (ፋይበር) አለው። አሰር ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲፈጭ ስለሚያደርግ በደም ውስጥ ያለው ስኳር በአንድ ጊዜ አይወጣም። ሆኖም አተር እንደ ጎመን አይደለም፤ ስታርች ስላለው መጠን ያስፈልገዋል።

ለ4 ሰው የሚያስፈልገው
• በረዶ የሆነ አረንጓዴ አተር 500 ግራም (በኖርዌይኛ ኤርተር)
• ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ
• ያልተፈጨ ከሙን 1 የሻይ ማንኪያ
• ቀይ ሽንኩርት 1 ራስ፣ ነጭ ሽንኩርት 3 ፍንካች፣ ትንሽ ዝንጅብል
• ቲማቲም 2፣ ቃሪያ 1
• እርድ ግማሽ፣ የተፈጨ ድምብላል 1 የሻይ ማንኪያ
• ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ሎሚ ግማሽ

ሲገዙ ይጠንቀቁ፦ ከሙን በኖርዌይኛ ስፒስኩመን ይባላል። ካርቬ የሚባለው ይመስለዋል እንጂ ሌላ ቅመም ነው። ግሮንላንድ አካባቢ ባሉ የእስያ ሱቆች ሁሉም ቅመሞች ይገኛሉ።

አሠራር
1. ዘይቱን በመካከለኛ እሳት ያሙቁ። ከሙኑን ይጨምሩና ሽታው እስኪወጣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያቁሉት። ካረረ ይመርራል።
2. ሽንኩርቱን ጨምረው እስኪለሰልስ ያቁላሉ። ቢይዝ ዘይት ሳይሆን ትንሽ ውሃ ጠብ ያድርጉበት።
3. ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድና ድምብላል ይጨምሩ። ቀጥሎ ቲማቲሙን ጨምረው እስኪፈርስ ያብስሉ።
4. አተሩን ከነበረዶው ከግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጋር ጨምረው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ያብስሉ። ብዙ ከቆየ ይፈርሳል።
5. ቃሪያውንና ጨውን መጨረሻ ላይ ይጨምሩ። ካወጡ በኋላ ሎሚ ይጭመቁበት።

ጣዕሙ የሚመጣው ከተቁላላው ቅመምና ከሎሚው ስለሆነ ብዙ ጨው አይፈልግም። በኖርዌይ የጤና ምክር መሠረት አንድ አዋቂ በቀን ከ6 ግራም በላይ ጨው ባይበላ ይመረጣል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚገባባቸው፣ እነሱን ከጨመሩ ጨውን ይተዉት።

ሲቀርብ
ከሳህኑ ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣ ወይም ካሮት፤ ሩቡ አተሩ፤ ሩቡ እንጀራ ይሁን። ከአንድ ትሪ አብሮ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ስለዚህ ድርሻዎን አስቀድመው በሳህን ያውጡ። ጨዋታው ግን አብሮ ይሁን።
የደም ማነስ ካለብዎት ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጡ፤ በአተሩ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሳሉ። ሎሚው ግን ይረዳል።

የሚጾሙ ከሆነ
ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከቤተሰብ ሐኪምዎ (ፋስትሌገ) ጋር ይነጋገሩ። መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ። የኩላሊት ሕመም ካለብዎትም አተር ስለ መብላት ይጠይቁ።
ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከተሰማዎት ስኳር ያለው ጭማቂ ወዲያው ይጠጡ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ፤ 113 ይደውሉ። አስቸኳይ ሆኖ ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነ 116117 ይደውሉ።

አስተርጓሚ
ቀጠሮ ሲይዙ አማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ ይናገሩ። ለእርስዎ ክፍያ የለውም፤ አስተርጓሚውም ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ልጅዎን አያስተርጉሙ። መጾምዎን፣ ምን እንደሚበሉና ክኒን መዝለልዎን ሳያፍሩ ይንገሩ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው በሚነግሩት ላይ ተመሥርቶ ነው።