በበረዶ ተራራ ላይ ሕይወትን ማቆየት፦ በአንድ የስኪ ቀን የሚሠራ ልምምድ

በኮሎራዶ ከዴንቨር ወይም ከኦሮራ ተነሥቶ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ዴንቨር በ1,609 ሜትር ላይ ስትገኝ፣ ላቭላንድ ፓስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ 3,655 ሜትር ነው። ከፍታው በሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ ቀዝቀዝ ያለ ብቻ የመሰለው ጠዋት እዚያ ላይ ሌላ ጠዋት ነው።

በዚህ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ተከትለው ስኪ መሞከር ጀምረዋል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። መንሸራተቱ በአሠልጣኝ ይለመዳል። መንገድ ሲጠፋ፣ እግር ሲሰበር ወይም ድንገት ነፋስና በረዶ ሲወርድ ሌሊቱን በሕይወት ማሳለፍ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ለብቻው ካልተለማመዱትም አይመጣም። ጣት ሲደነዝዝ አእምሮም አብሮ ይደነዝዛል፤ ያን ጊዜ እጅ የሚሠራው አስቀድሞ የለመደውን ነው። ስለዚህ ከስኪ ቀናችሁ ግማሹን ሰማዩ ጥርት ባለበትና መኪናው ቅርብ በሆነበት ጊዜ ለዚህ ልምምድ ስጡት። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል።

1. ልብሱን ከቤት አስተካክሉ

ሦስት ድርብ ልበሱ። ከገላ የሚነካው ቀጭን ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ መካከለኛው ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ የላይኛው ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬት ይሁን። ጂንስ፣ የጥጥ ካናቴራና የጥጥ ካልሲ ቤት ይቅሩ። ጋቢ በደጋ ምሽት የሚያሞቀው ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ጥጥ አንዴ ከረጠበ ውኃውን ይዞ የገላን ሙቀት ይመጥጣል። መንዞች ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናና በርኖስ የሚለብሱት በምክንያት ነው፤ ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም።

ዋናው ጠላት ላብ ነው። ጉዞ ስትጀምሩ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ከሞቃችሁ ላብ ሳይመጣ አንድ ድርብ አውልቁ፤ ስትቆሙ ወዲያው መልሳችሁ ልበሱ።

2. ቦርሳውን ሙሉ

ለእያንዳንዱ ሰው፦ ትርፍ ጓንትና ካልሲ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ላይተርና ክብሪት በተለያየ ኪስ፣ ቢላዋ፣ ቀላል ሸራ፣ የሚታጠፍ የስፖንጅ ምንጣፍ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙስ። ለስንቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ጥሩ ናቸው፤ በብርድ አይጠጥሩም፣ በጓንትም ይበላሉ። በሶ ካለ ከስኳር ጋር ያዙ።

ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚሞት በውስጥ ኪስ፣ ከገላ አጠገብ ይቀመጥ።

ከተጠበቀው የስኪ ሜዳ ወሰን ውጭ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሦስት ነገር ሳይዝ አይሂድ፦ ቢከን የሚባለውን ምልክት ማስተላለፊያና መቀበያ፣ የሚገጣጠም ረጅም መመርመሪያ ዘንግ፣ የብረት አካፋ። ሦስቱ አብረው ካልሆኑ አንዱ ብቻውን አያድንም፤ ለዚህ ልምምድም ያስፈልጋሉ።

3. ትንበያውን አንብቡ፣ መልእክት ተዉ

የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በበረዶ ወራት በየዕለቱ ትንበያ ያወጣል። አደጋው በአምስት ደረጃ ይመደባል፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ አሳሳቢ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ። ሦስተኛው መሐል ላይ ስላለ ሰው ይንቀዋል፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን በዚሁ ደረጃ ነው። ለጀማሪ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከቁልቁለት መራቅ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ለአንድ ሰው የምትሄዱበትን ቦታ፣ የመኪናውን ታርጋና የመመለሻ ሰዓታችሁን ላኩ። «እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ካልደወልን 911 ደውል» ብላችሁ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት።

4. ቁልቁለቱን መመርመር ተለማመዱ

አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ባለ ቁልቁለት ላይ ነው። ከሩቅ ቆማችሁ የቁልቁለቱን ዝንባሌ ገምቱ፤ ቀጥሎ በስልክ መለኪያ አረጋግጡ። ዓይን እስኪለምድ ደጋግሙት።

ከዚያ አራት ምልክቶችን ፈልጉ፦ በቅርቡ የወረደ ናዳ፣ ባለፉት 24 እስከ 48 ሰዓታት የወረደ ብዙ በረዶ ወይም ነፋስ የከመረው፣ ከእግር ሥር ተነሥቶ የሚሮጥ ስንጥቅ፣ ሲረግጡት «ውፍ» ብሎ የሚሰምጥ ድምፅ። የመጨረሻው ድምፅ ከታች ያለው ደካማ ድርብ መደርመሱን ይናገራል። በኮሎራዶ ተራሮች በወቅቱ መጀመሪያ የወረደው ስስ በረዶ በብርዱ ወደ ልል ቅንጣት ስለሚለወጥ ይህ ደካማ ድርብ የተለመደ ነው። ድምፁን የሰማ ሰው በመጣበት ዱካ ይመለስ።

ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ደግሞ ከዛፍ ግንድ ራቁ። በቅርንጫፎቹ ሥር ያልጠነከረ ጥልቅ በረዶ አለ፤ በጭንቅላቱ የተደፋበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይወጣም። ሁልጊዜ ጓደኛችሁን የምታዩበት ርቀት ላይ ሁኑ።

5. የተቀበረን ሰው መፈለግ

ለዚህ ልምምድ ሜዳ ምረጡ። አንድ ቢከን በማስተላለፊያ ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ በቦርሳ ውስጥ ከ50 እስከ 100 ሴንቲሜትር ጥልቀት ቅበሩት። ፈላጊው እንዳያይ ተጠንቀቁ። ሰዓት መቁጠር ጀምሩ።

ሀ. የሌላው ሰው ሁሉ ቢከን ወደ «ፍለጋ» ይቀየር፤ አንድ ሰው ከረሳ ፍለጋው ወደ እሱ ይሄዳል። ስልክ ከቢከኑ ቢያንስ በ50 ሴንቲሜትር ይራቅ።
ለ. ቀስቱን እየተከተላችሁ፣ ቁጥሩ እየቀነሰ መሄዱን እያያችሁ ተጓዙ። ቁጥሩ ከጨመረ አቅጣጫው ተሳስቷል።
ሐ. 10 ሜትር ሲቀር ፍጥነት ቀንሱ። 3 ሜትር ላይ ቢከኑን ወደ በረዶው ዝቅ አድርጋችሁ ወደፊትና ወደኋላ፣ ግራና ቀኝ በዝግታ አንቀሳቅሱት። ትንሹ ቁጥር የታየበትን ቦታ ምልክት አድርጉ።
መ. ዘንጉን ከበረዶው ገጽ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ውጉ፤ ካላገኘ በ25 ሴንቲሜትር ርቀት እየዞራችሁ እንደገና ውጉ። ቦርሳውን ሲነካ የሚሰማችሁ ከመሬት የተለየ ለስላሳ መልስ ነው፤ እጃችሁ ይህን እንዲያውቅ ሆን ብላችሁ ደጋግሙት። ሲነካ ዘንጉን እዚያው ተዉት።
ሠ. ከዘንጉ ሥር አትቆፍሩ። ወደ ቁልቁለቱ በኩል የጥልቀቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ወርዳችሁ ወደ ዘንጉ አግድም ግቡ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካው።

በናዳ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ በትንፋሽ እጦት ምክንያት በፍጥነት ያሽቆለቁላል። አዳኝ ተጠርቶ እስኪደርስ ጊዜ የለም፤ የሚያድነው አጠገብ ያለው ጓደኛ ነው። ሁላችሁም በየተራ እስክትችሉ ድረስ ቀብራችሁ ፈልጉ።

6. በበረዶ መጠለያ መሥራት

አዲስ በረዶ እንደ እንጀራ ዓይን አየር የያዘ ስለሆነ ብርድን ይከላከላል። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ ሳለ በደንብ የተዘጋ መጠለያ ውስጥ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሙቀት ሊኖር ይችላል።

ለድንገተኛ ሌሊት ቀላሉ ቦይ ነው። ናዳ የማይደርስበት፣ በረዶ የተሸከመ ቅርንጫፍ የሌለበት ቦታ ምረጡ። መቆፈር ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ድርብ አውልቁ። ስፋቱ ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ጥልቀቱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ቦይ ቆፍሩ፤ ጠባብ ሲሆን ቶሎ ይሞቃል። ብርድ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ መግቢያው ከመኝታው ዝቅ ይበል። ስኪዎቹን እንደ ወራጅ አጋድማችሁ ሸራውን ከላያቸው ዘርጉ፤ ጠርዙን በበረዶ ተጫኑት። ወለሉ ላይ ምንጣፉንና ባዶውን ቦርሳ አንጥፉ፤ ከሥር ያለው በረዶ ሙቀትን ከላይኛው አየር ይበልጥ ይወስዳል። የጡጫ ያህል የአየር ቀዳዳ ክፈቱ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይዘጋ ተከታተሉት። አካፋው ውስጥ ይደር። በተዘጋ መጠለያ ምድጃ አይለኮስ፤ ከእሱ የሚወጣው ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላል።

ሲያልቅ እያንዳንዳችሁ ገብታችሁ ግማሽ ሰዓት ተኙበት። የቱ ጋ ነፋስ እንደሚገባ፣ የቱ ጎን እንደሚበርድ የሚታወቀው ያኔ ነው።

7. ውኃና እሳት

በረዶ አትብሉ፤ ለማቅለጥ ሰውነት ሙቀቱን ይከፍላል። በድስት ስታቀልጡ መጀመሪያ ትንሽ ውኃ ከታች አድርጉ፣ ያለዚያ ድስቱ ይቃጠላል። እሳት የምታነድዱት ወፍራም እንጨቶች ጎን ለጎን ደርድራችሁ በላያቸው ነው፤ በበረዶው ላይ ከሆነ ሰምጦ ይጠፋል።

8. ብርድ የመታውን ሰው መርዳት

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ተጀምሯል። ምልክቶቹን በጓደኛችሁ ላይ ፈልጉ፦ ያለምክንያት ይነጫነጫል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል፣ ይደናቀፋል። በኃይል ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ብሶበታል ማለት ነው።

ከነፋስ አስጠልሉት፣ እርጥብ ልብሱን ቀይሩለት፣ ከሥሩ ምንጣፍ አድርጋችሁ በሸራ ጠቅልሉት። የሚውጥ ከሆነ ትኩስ ጣፋጭ ሻይ ስጡት። አረቄም ውስኪም አይሰጥ፤ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ያለውን ሙቀት ያስወጣል። አትሹት፣ አታንገላቱት።

ጣት ነጥቶ ከጠነከረ በበረዶ አይታሽ። እንደገና የሚቀዘቅዝበት ዕድል ካለ አይሟሟ፤ አስተማማኝ ቦታ ሲደርስ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ውኃ ይነከር።

9. መንገድ ከጠፋ

ቁሙ። ጥቂት ብሉና ጠጡ። ዱካችሁ በግልጽ ከታየ ተመለሱበት፤ ካልታየ መጨለም ሳይጀምር መጠለያ ሥሩ። 911 ደውሉ፤ ድምፅ ካልሄደ የጽሑፍ መልእክት ሞክሩ። ሦስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ፣ ዕረፍት አድርጉ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ ንፉ። ፈላጊ እንዲያገኛችሁ ከቦታችሁ አትንቀሳቀሱ።

10. የቡድኑ ሕግ

ይሉኝታ ተራራ ላይ ሰው ይገድላል። «ቀኑን አላበላሽባቸው» ብሎ እግሩ መደንዘዙን የሚደብቅ ሰው ኋላ ሁሉንም አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ከመኪናው ሳትርቁ ተስማሙ፦ ከመካከላችሁ ታናሹም ቢሆን «እንመለስ» ካለ ያለ ክርክር ትመለሳላችሁ፣ ማንም አይወቅሰውም። በየሰዓቱ እየቆማችሁ «ጣትህ ይሰማሃል?» ተባባሉ።

ይህን ቀን በየዓመቱ፣ የመጀመሪያው በረዶ እንደጸና ድገሙት። ከወሰን ውጭ መውጣት የሚፈልግ ደግሞ ሦስት ቀን ገደማ የሚወስደውን «አቫላንች ሌቭል 1» የሚባለውን ኮርስ ይውሰድ፤ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ኮርስ ያዘጋጃል እንጂ አይተካውም።