ጥሩ ብረት ለምን አልሳል ይላል?

(ስለ ሰንጢ አረብ ብረትና ስለ አሳሳሉ አጭር ትምህርት)

ለመምህር ከጠመኔ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዕቃ ሰንጢ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ካርቶን ቆርጦ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ለመሥራት፣ የተማሪ እርሳስ ለመቅረጽ፣ ሲባጎ ለመበጠስ ይጠቅማል። ስለዚሁ ዕቃ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በራሴ የደረሰ ነገር ስለሆነ አስቀድሜ እሱን ልናገር።

አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ ባለፈው ዓመት አንድ ሰንጢ ላከልኝ። ስለቱ ላይ «ኤስ 30 ቪ» የሚል ምልክት አለበት። ለብዙ ወራት ሳይሳል እንደ ምላጭ ሲቆርጥ ቆየ። በኋላ ሲደነዝ ግን እናቴ የወጥ ቤት ቢላዋ በምትስልበት ዓይነት የአሸዋ ድንጋይ ላይ ከሰዓቱን ሙሉ ብፈትገው ወይ ፍንክች! ስለዚህ «ብረቱ የውሸት ነው፣ አጎቴን አታለውታል» ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ፤ ይባስ ብዬ ለራሱም በስልክ ነገርኩት። ዝም አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ጓደኛዬ በዚያው በደነዘ ሰንጢ ካርቶን ሲቆርጥ፣ አልቆርጥ ቢለው በኃይል ሲጫነው አዳለጠውና አውራ ጣቱን ክፉኛ ቆረጠው። የደነዘ ስለት ጉልበት ስለሚጠይቅ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ መሆኑን ያን ዕለት አየሁ። ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የእኔ አለማወቅ መሆኑን የተረዳሁት ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሳነብና መምህር ስጠይቅ ነው።

አንድ የስለት ብረት በሦስት ጠባዮች ይመዘናል።

1ኛ/ ጥንካሬ፤ አፉ ሲጫኑት ሳይታጠፍ የመቆየት ችሎታ ነው። ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይለካል፤ የጥሩ ሰንጢ ብረት ብዙውን ጊዜ ከ58 እስከ 62 ነው።

2ኛ/ ስብራትን መቋቋም፤ ሚስማር ወይም አጥንት ሲነካ ሳይሸረፍ መቅረት ነው።

3ኛ/ መበላትን መቋቋም፤ ካርቶንና ገመድ የመሰለ ሻካራ ነገር ሲቆርጥ ቶሎ ተፍቆ አለማለቅ ነው።

ሦስቱንም እስከ መጨረሻው ያሟላ ብረት የለም። አንዱ ሲጨመር ብዙውን ጊዜ ሌላው ይቀንሳል። ስለዚህ «የትኛው ብረት ይሻላል?» ከማለት በፊት «ለምን ሥራ?» ብሎ መጠየቅ ያሻል።

ወደ እኔ ሰንጢ እንመለስ። ኤስ 30 ቪ ክሩሲብል በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበ አረብ ብረት ሲሆን በውስጡ 1.45 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየም፣ 4 በመቶ ቫናዲየምና 2 በመቶ ሞሊብዲነም ይገኛል። ክሮሚየሙ ዝገት ይከላከላል። ቫናዲየሙ ግን ከካርቦን ጋር ተዋህዶ ቫናዲየም ካርባይድ የተባለ እጅግ ጠንካራ ቅንጣት ይፈጥራል። ይህም ሲሚንቶ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ማለት ነው። ሲሚንቶው ሊፋቅ ይችላል፤ ጠጠሩ ግን ይቋቋማል። ቅንጣቶቹ እንዳይገዝፉ የቀለጠው ብረት በጋዝ ተረጭቶ ዱቄት ይሆንና ዱቄቱ በሙቀትና በግፊት መልሶ ይጣበቃል። በዚህ ምክንያት ቅንጣቶቹ የሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ያህላሉ።

እንግዲህ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ቪከርስ በተባለው የጥንካሬ መለኪያ በግምት የጠነከረ አረብ ብረት 750፣ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 1000፣ በተለመደው የፋብሪካ መሳያ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ 2000፣ ቫናዲየም ካርባይድ 2800፣ አልማዝ ደግሞ ከ8000 በላይ ነው። የእናቴ ድንጋይ ተራውን ቢላዋ የሚስለው ከብረቱ ስለሚጠነክር ነው። የእኔን ሰንጢ ጠጠር ግን እንዴት ይቁረጠው? ለወራት ሳይደነዝ ያቆየው ነገር ራሱ አልሳል አሰኘው። የሚያስፈልገው የአልማዝ ደቃቅ የተለበጠበት መሳያ ነበር።

አሳሳሉ እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይያዝ። መለኪያ ከሌለ የሒሳብ ትምህርታችን ይበቃል። የ20 ዲግሪ ሳይን 0.34 ስለሆነ የስለቱን ስፋት ለ3 ማካፈል ነው። ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጀርባውን ከመሳያው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ማለት ነው። ለ15 ዲግሪ ለ4 ይካፈላል። ማዕዘኑ ሲያንስ በቀላሉ ይቆርጣል፤ ሲበዛ አይሸረፍም።

ለ/ በሻካራው መሳያ ሳይጫኑ በቀላል እጅ አንዱን ጎን መሳል። በማዶው በኩል በጥፍር ሲዳሰስ ሻከር የሚል ቀጭን የብረት ከንፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲወጣ ማዞር።

ሐ/ ሁለተኛው ጎን እንዲሁ ካለቀ በኋላ በለስላሳው መሳያ እያፈራረቁ ከንፈሩን ማጥፋት፤ በመጨረሻም በቀበቶ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተቱ ማለስለስ። ወረቀት ሳይቀድ ከቆረጠ ተስሏል።

ማስጠንቀቂያ፦ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ደረቅ መሳያ አፉን ያግለዋል። ብረቱ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬው ጠፍቷል፤ በመሳል ብቻም አይመለስም፤ ያ ክፍል ተፍቆ መውጣት አለበት።

እኔም የእጅ ሥራ መምህራችን ባዋሱኝ የአልማዝ መሳያ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ስዬ ጨረስኩ። ወዲያው ለአጎቴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ታዲያ አሁን ይቆርጣል?» አለና ሳቀ። ጓደኛዬ ግን የጣቱ ጠባሳ ዛሬም አለ፤ እሱን በስልክ ማንሳት አይቻልም።

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ እንወጣለን። አንድ ተማሪ «አልገባኝም» ሲል «ይህ ልጅ አይማርም» ከማለቴ በፊት የያዝኩትን ድንጋይ እመለከታለሁ ብዬ ወስኛለሁ።

መልመጃ፦ የስለቱ ስፋት 2.4 ሴንቲ ሜትር የሆነን ሰንጢ በ15 ዲግሪ ለመሳል ጀርባው ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል? መልሱን ከዚሁ ጽሑፍ ሥር ጻፉልኝ።