አሮጌ ቤትን ማደስ፦ በሚሠራና በሚያስተማምን መስመር መካከል ያለው ልዩነት

ሀ. የትምህርቱ ጥያቄ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል አንድ ቤተሰብ ለምሳሌ እንውሰድ፤ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ከአገር ቤት የመጡ አያት። የከተማው የቤት ዋጋ ስለከበዳቸው በቨርጂንያ ገጠር እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ የተሠራ የእንጨት ቤት ገዙ። ቁልፉን የተረከቡ ዕለት ማብሪያውን ሲጫኑት አምፖሉ በራ፤ ስልካቸውን ሶኬቱ ላይ ሲሰኩት ቻርጅ አደረገ። ስለዚህ «መብራቱ ደህና ነው፤ በቀለም እንጀምር» ተባባሉ።

ብዙዎቻችን በእነርሱ ቦታ ብንሆን እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን በዚህ አነጋገር ውስጥ ሁለት ሐሳቦች እንደ አንድ ተቆጥረዋል። አንደኛው «መስመሩ ይሠራል» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «መስመሩ ያስተማምናል» የሚለው ነው። የሚሠራ መስመር የምንለው ኤሌክትሪክን ወደ ዕቃው አድርሶ የሚመልሰውን ነው። የሚያስተማምን መስመር የምንለው ደግሞ ይህንኑ እያደረገ፣ ብልሽት ሲደርስ ሰውንም ቤቱንም ሳይጎዳ የሚቋረጠውን ነው። የመጀመሪያውን ለማወቅ ማብሪያውን መጫን ይበቃል። ሁለተኛውን ለማወቅ ግን በግድግዳው ውስጥ ያለውን መመርመር ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ልዩነት አለ። ማስዋብ የሚታየውን መለወጥ ነው፤ ቀለም፣ ምንጣፍ፣ የወጥ ቤት መደርደሪያ። ማደስ ግን ቤቱ የተሠራበትን አገልግሎት እንደገና በደህና እንዲሰጥ ማድረግ ነው፤ ጣሪያው፣ መሠረቱ፣ የውሃ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ መስመሩ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን መጠበቅ አለበት። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ለ. ቤቱ ኤሌክትሪክን ያገኘው እንዴት ነው?

ቤቱ በተሠራበት ዘመን በአሜሪካ ገጠር ኤሌክትሪክ ብርቅ ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ እንኳ ከ10 የከተማ ቤቶች 9ኙ ያህል መብራት ሲኖራቸው፣ ከ10 የገበሬ ቤቶች ግን የነበረው 1ዱ ብቻ ነበር። ተራርቀው ለሚኖሩ ጥቂት ደንበኞች ምሰሶ መትከል ለኩባንያዎቹ አያዋጣም ነበርና። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በግንቦት ወር 1935 የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ፤ በ1936 የወጣው ሕግም ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው በብድር መስመር እንዲዘረጉ አስቻላቸው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ስለ ቤቱ ጠቃሚ ነገር ስለሚነግረን ነው። እንዲህ ባለ የገጠር ቤት መስመሩ ብዙ ጊዜ የገባው ቤቱ አልቆ ሰው ከኖረበት ከዓመታት በኋላ ነው። የታሰበውም ለጥቂት አምፖሎች፣ ለሬዲዮና ምናልባት ለካውያ ነበር። ወደ ቤቱ የሚገባው መስመር የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 አምፔር ነበር። ዛሬ ለአንድ መኖሪያ ቤት ዝቅተኛው 100 አምፔር ሲሆን፣ 200 አምፔርም የተለመደ ነው።

ከዘመኑ አሠራሮች አንዱ «ኖብ ኤንድ ቲዩብ» ይባላል። ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ (ፌዙ) እና የሚመልሰው (ኒውትራሉ) ተራርቀው ለየብቻ ይዘረጋሉ፤ ከሸክላ የተሠሩ ቁልፍ መሰል መያዣዎች ሽቦውን ከእንጨቱ አርቀው ይይዙታል፤ በእንጨቱ ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታም የሸክላ ቱቦ ይለብሳል። የሽቦው ልባስ ጎማና ጨርቅ ነው፤ ኋላ የምናየው የመሬት ሽቦ የለውም። ይህ አሠራር አዲስ በነበረ ጊዜ መጥፎ አልነበረም፤ ሽቦው በክፍት አየር ስለሚያልፍ ሙቀቱ ይበርድለታል። ነገር ግን ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በእጅ ሲነካ ይረግፋል።

አሁን ቤተሰቡ ለክረምቱ ብርድ ብሎ በኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚይዝ ጥጥ መሰል መከላከያ ቢያፈስስበት ምን ይሆናል? በአየር እንዲበርድ የተሠራው ሽቦ ይታፈናል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ይህን የሚከለክለው ለዚህ ነው። ብርድን መከላከል በራሱ መልካም ሥራ ነው፤ ከሽቦው ቅያሬ ከቀደመ ግን ለእሳት መንገድ ይጠርጋል። እንግዲህ እስካሁን ያየነው፣ አሮጌ መስመር አደገኛ የሚሆነው ማርጀቱና ያልታሰበለት ሸክም መጨመሩ ሲገናኙ መሆኑን ነው። ሸክም ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ቀጥለን እንይ።

ሐ. ቮልት፣ አምፔር፣ ዋት

ቮልት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ግፊት መጠን ነው። አምፔር በአንድ ጊዜ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ብዛት ነው። ዋት ደግሞ ዕቃው በሥራ ላይ የሚያውለው ኃይል ነው። ቮልቱን በአምፔሩ ብናባዛው ዋቱን እናገኛለን። በአሜሪካ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ በአገራችን 220 ቮልት ነው።

ለእንጀራ ብሎ ቤተሰቡ የሚገዛው የአሜሪካ ምጣድ 1500 ዋት ነው እንበል። 1500ን ለ120 ብናካፍል 12.5 አምፔር ይሆናል። የወጥ ቤቱ መስመር ደግሞ ለ15 አምፔር የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ምጣዱን ብቻውን ይችለዋል። እናት እንጀራ እየጋገሩ ሳለ አንዱ ልጅ 1500 ዋት የሆነውን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ እዚያው መስመር ላይ ሰካ። ድምሩ 3000 ዋት፣ ማለትም 25 አምፔር ሆነ። መስመሩን የሚጠብቀው ባልቦላ ቀለጠ፤ ምጣዱም ቆመ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ባልቦላው ሲቀልጥ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሥራውን ሠራ እንጂ። ነገር ግን ሊጡ ቦክቶ እየጠበቀ ነውና፣ አንድ ሰው የ15ቱን ባልቦላ ፈትቶ የ30 አምፔር ባልቦላ ያስገባል። አሁን ምጣዱም ማንቆርቆሪያውም አብረው ይሠራሉ። ሽቦው ግን አልተለወጠም። ለ15 አምፔር የተሠራው ሽቦ 25 አምፔር ተሸክሞ በደረቅ እንጨት መካከል ይግላል፤ የሚያቋርጠውም የለም። መስመሩ ይሠራል፤ አያስተማምንም።

ትክክለኛው መፍትሔ የባልቦላውን ቁጥር ከሽቦው ውፍረት ጋር ማስማማት ነው። በአሜሪካ ቤቶች ለ15 አምፔር ቁጥር 14፣ ለ20 አምፔር ቁጥር 12፣ ለ30 አምፔር ቁጥር 10 የመዳብ ሽቦ ይዘረጋል። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር አስተውሉ። ለምጣዱም ሌላ ዕቃ የማይጋራው የራሱ መስመር ቢዘረጋለት ችግሩ ከሥሩ ይፈታል። ከአገር ቤት የመጣ የ220 ቮልት ምጣድ ግን በ120 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰካ ከሙቀቱ የሚሰጠው 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ቢቀር ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም።

መ. ሦስቱ ሽቦዎች

ፌዝ ኤሌክትሪኩን ወደ ዕቃው የሚያመጣው ሽቦ ነው። ኒውትራል የሚመልሰው ነው። የመሬት ሽቦ፣ ብዙዎች ኧርዝ የሚሉት፣ በደህና ጊዜ ምንም የማይሸከም፣ በብልሽት ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው። በአሜሪካ ጥቁርና ቀይ ፌዝ ናቸው፤ ነጭ ኒውትራል ነው፤ አረንጓዴው ወይም ልባስ የሌለው መዳብ የመሬት ሽቦ ነው። ጥቁሩን ኒውትራል አድርጎ የለመደ ሰው እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። በአሮጌው መስመር ግን ሁለቱም ጥቁር ሆነው ሊገኙ ስለሚችሉ በቀለም መታመን አይቻልም፤ በመሣሪያ መለካት ይገባል።

ስለ መሬት ሽቦ የተለመደ አንድ አሳሳች ግንዛቤ አለ፤ «ኤሌክትሪኩ አፈር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል» የሚል። እውነቱ እንዲህ ነው። ፌዙ ተበጥሶ የምጣዱን ብረት ቢነካ፣ የመሬት ሽቦው ያንን ኤሌክትሪክ ያለ ብዙ ተቃውሞ ወደ ብሬከር (በባልቦላ ፈንታ የሚገጠመው ማቋረጫ) ሳጥኑ ይመልሰዋል፤ የሚያልፈው አምፔር በቅጽበት እጅግ ስለሚበዛ ብሬከሩ ይቋረጣል። አፈር ግን ይህን ማድረግ አይችልም። መሬት ውስጥ የተተከለው ዘንግ 25 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ 120 ቮልት በእርሱ በኩል የሚያሳልፈው 4.8 አምፔር ብቻ ነው። የ15 አምፔር ብሬከር በዚህ አይቋረጥም፤ ብረቱም ፌዝ እንደሆነ ይቆያል።

ከዚህ የሚከተለውን አንድ ነገር በቅርብ እንየው። በአሮጌው ቤት ሳሎን ባለ 3 ቀዳዳ ንጹሕ ነጭ ሶኬት ተገጥሞ ታያላችሁ። ሲፈቱት ከኋላው የሚወጡት 2 ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ የመሬቱ ብሎን ባዶውን ነው። ይባስ ብሎ አንዳንዱ በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ ብሎን ጋር ታስሮ ይገኛል፤ ባለ 3 መብራቷ ርካሽ መሞከሪያም «ትክክል ነው» ብላ ታልፈዋለች። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ ግን እንዲህ ባለ ሶኬት ላይ የተሰካ ማቀዝቀዣ በሩ ራሱ ፌዝ ይሆናል። ሶኬቱ ሦስተኛው ቀዳዳ ስላለው የሌለውን ጥበቃ እንዳለ አድርጎ ያሳያል።

ሠ. ጠባቂዎቹ ማንን ይጠብቃሉ?

ብሬከርና ባልቦላ የሚጠብቁት ሽቦውን ነው። ይህ ሲባል ብዙዎች ይገረማሉ፤ ቁጥሩ ግን ግልጽ ነው። አንድ አምፔር 1000 ሚሊአምፔር ነው። 100 ሚሊአምፔር ያህል በደረት ቢያልፍ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግን ከ15,000 ሚሊአምፔር በላይ እስኪያልፍ ነው። ስለዚህ ሰው ሲሞት ብሬከሩ ምንም ሳያይ ሊቀር ይችላል።

ሰውን ለመጠበቅ የተሠራው ጂኤፍሲአይ ነው። በ1961 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል የፈለሰፉት ይህ መሣሪያ በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ያነጻጽራል። ልዩነቱ 5 ሚሊአምፔር ያህል ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል፣ እየወጣ ነው ብሎ ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል። ውሃ ባለበት ቦታ ሁሉ፣ በወጥ ቤት፣ በመታጠቢያ ቤት፣ በደጅ፣ ሊኖር ይገባል። የመሬት ሽቦ በሌለው መስመር ላይም ይሠራል፤ ያን ጊዜ ደንቡ «የመሬት ሽቦ የለውም» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ያዛል።

በአጭሩ፣ ብሬከር ሽቦውን ይጠብቃል፤ የመሬት ሽቦ የዕቃው ብረት ፌዝ ሆኖ እንዳይቆይ ያደርጋል፤ ጂኤፍሲአይ ሰውን ይጠብቃል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ረ. የሥራው ቅደም ተከተል

ይህን የተረዳ ቤተሰብ በቀለም አይጀምርም። መጀመሪያ ውሃ እንዳይገባ ጣሪያውንና መሠረቱን ያያል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖር ስለሚችል፣ ግድግዳ ከመፋቁ በፊት ያስመረምራል፤ አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይጎዳልና። ከዚያ ከካውንቲው ፈቃድ አውጥቶ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን ያስቀይራል። ሽቦው ተዘርግቶ ግድግዳው ገና ክፍት ሳለ ተቆጣጣሪው መጥቶ ያያል። ካለፈ በኋላ የብርድ መከላከያው፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ በመጨረሻ ቀለሙ ይከተላል።

በሥራው መካከል ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪው እስከ ብሬከሩ ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንዳለበት ይቆያል። የሌላውን ሽቦ ባዶነት የሚያረጋግጥ ሰውም መሞከሪያውን በቅድሚያ ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ይሞክረዋል፤ ከዚያ ሊነካው ያሰበውን ሽቦ ይለካል፤ ከዚያም መሞከሪያው አለመበላሸቱን ለማወቅ ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሶ ይሞክረዋል።

ሰ. የባለቤቱ ኃላፊነት

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው የሰጠው ትእዛዝ አለ፤ ሰው ወድቆ እንዳይሞትና ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ። መከታው ቤቱን አያስጌጥም፤ ለማይወድቅ ሰውም ሥራ ያለው አይመስልም። የተሠራው ለእንግዳው፣ ለልጁና ለተዘነጋው እርምጃ ነው። የመሬት ሽቦና ጂኤፍሲአይ ለዘመናችን ቤት መከታዎች ናቸው።

አያት እርጥብ እጃቸውን ከማጠቢያው አውጥተው ምጣዱን ሲነኩ፣ ስለ ፌዝና ኒውትራል የማወቅ ግዴታ የለባቸውም። ያንን ማወቅ የባለቤቱ ድርሻ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቤት የገዛችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ የቀለሙን ባልዲ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሶኬት በባለሙያ አስፈትታችሁ ከኋላው ስንት ሽቦ እንዳለ እዩ፤ ግድግዳውንም ተቆጣጣሪው ሳያየው አትዝጉ።